የግብርና ትምህርትን በርቀት ቴክኖሎጂ ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ በርቀት ከማስተምራቸው የግብርና ተማሪዎች ብዙዎቹ በየቀበሌው ተመድበው የሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ናቸው። ማሳው ደጃቸው ላይ ነው፤ የሚጎድላቸው መጽሐፍ፣ መብራትና ኔትወርክ ነው። የምናያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ገልብጦ ከማሰብ የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉም የከፋው የተግባር ትምህርትን በቪዲዮ ተክቶ «ተሰጥቷል» ብሎ መመዝገብ ነው። የአፈርን ዓይነት በእጅ መለየትን እንውሰድ። እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየተገፋ እንደ ጥብጣብ ሲወጣ፣ ሳይበጠስ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሸክላው ብዙ ነው፤ 2.5 ሳይደርስ ከተበጠሰ ሸክላው ጥቂት ነው። ይህን አሥር ጊዜ በስልክ የተመለከተ ተማሪ የጃማን ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) አንድ ጊዜ በእጁ ካላሸ ምንም አልተማረም። የሚያሳዝነው ደግሞ አፈሩ ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ መገኘቱ ነው! ተማሪው ከሦስት ማሳ አፈር ወስዶ እንዲሞክር፣ የጥብጣቡን ርዝመት ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ማዘዝ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

ስልክ ለዚህ ሲውል ምን ያህል እንደሚጠቅም አይቻለሁ። አንድ የቆቦ ተማሪ በአገዳ ቆርቁር ተጎድቷል ያለውን የማሽላ ቅጠል ፎቶ ላከልን፤ ትሉ ግን በፎቶው ላይ አልታየም። የትሉን ጭንቅላትና ጅራት በቅርበት አንሥቶ እንዲልክ ስንጠይቀው፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ ቅርጽ፣ ወደ ጅራቱ ደግሞ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ታዩ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች ነበር። ምክሩም ተለወጠ፤ ገበሬዎቹ እንቁላሉንና ገና ትንንሽ የሆነውን ትል በእጅ እየለቀሙ እንዲያጠፉ ተነገራቸው። ያ ተማሪ ሁለቱን ተባዮች ከእንግዲህ አያምታታቸውም።

ሁለተኛው ስህተት ትምህርቱን በቀጥታ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ መመሥረት ነው። መምህሩ ከደሴ ሲያስተምር ግማሹ ተማሪ ድምፅ ይቆራረጥበታል፤ ሌላው ጭራሽ አይገባም። የአንድ ሰዓት ገለጻ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ጥራት በድምፅ ሲቀዳ 14 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚሆን በቴሌግራም በቀላሉ ይደርሳል። የኢንተርኔት ትምህርት መስጫው ሙድልም በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ያስችላል፤ መምህሩ ከፈቀደ አጭር ፈተናም እንዲሁ ይሠራል። ይህን የማይፈቅዱ መምህራን መኖራቸው ያስገርመኛል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች የ8028 የስልክ አገልግሎት በተራ ስልክ በድምፅ የግብርና ምክር ሲያደርስ እያየን ድምፅን መናቅ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው የትምህርት ካላንደሩን ከእርሻው ካላንደር ጋር ሳያገናዝቡ ማውጣት ነው። ጥርና የካቲት ለልማት ሠራተኛው የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ወቅት ነው፤ በልግ በሚዘራባቸው ደጋማ ወረዳዎች የበልጉ ዝግጅትም ይደረብበታል። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የማዳበሪያ ሥርጭትና የመኸር ዘር ነው። በእነዚህ ወራት አሳይመንት ያላስገባውን ተማሪ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። የማስረከቢያው ቀን ተማሪው ወደ ከተማ ወጥቶ ኔትወርክ ከሚያገኝበት የገበያ ቀን ቢያንስ በአንድ ቀን ዘግይቶ ይሁን፤ ለምሳሌ ለባቲ አካባቢ ተማሪዎች ከሰኞ በኋላ።

መምህራን ሳይሠለጥኑ ታብሌትና ሰርቨር መግዛትም አይገባም።

የመጨረሻው የምዘና ስህተት ነው። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ሲሰጥ አንድ መልስ ከወረዳ ወረዳ በቴሌግራም ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪውን በኩረጃ መክሰስ አያዋጣም። ጥያቄው ራሱ ከቀበሌው ይነሣ፦ በዚህ ዓመት በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የበዛው የት ነው፣ ከዚያ በፊት ምን ተዘርቶበት ነበር፣ ገበሬው ምን ሞከረ? ተማሪው ጽፎ ካስገባ በኋላ መምህሩ ደውሎ ጥቂት ደቂቃ ቢጠይቀው፣ ማሳውን ያየና ያላየ ወዲያው ይለያል።