«ቦታ ሞልቷል» ሲል፦ የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ በክላውድ፣ ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ክላውድ (ፋይልን በኢንተርኔት አማካይነት በኩባንያ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ለመምረጥ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በነጻ ስንት ጊጋ ይሰጣል?» ብሎ ነው። ጉግል 15፣ የአፕሉ አይክላውድ 5፣ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ቤተሰብን የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፦ ፋይሉ የሚቆጠረው በማን ኮታ (የተፈቀደ ቦታ) ላይ ነው? ከስልክ ሲጠፋ ከክላውዱም ይጠፋል? ሲም ሲቀየር አካውንቱ ይከፈታል? ከታች ካሉት ቅሬታዎች የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከለዩ ምርጫው ይቀላል።

«ድራይቭ ላይ ምንም የለኝም፤ ሞልቷል ይለኛል»

የጉግል 15 ጊጋባይት የፋይል ማስቀመጫው የድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይልና ጉግል ፎቶስም የሚበሉት ከዚያው ነው። ጥራታቸው የተቀነሰ ፎቶዎች ያለ ገደብ በነጻ መቀመጣቸው የቀረው ግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁን 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተጫነ ሁሉ ይቆጠራል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ የዋትሳፕ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዚሁ ኮታ ይቀነሳል። ከሌሎች ፋይሎች ጋር ተደርድሮ ስለማይታይ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። የሠርግ፣ የእድርና የዘመድ ግሩፕ ቪዲዮ የሚጎርፍበት ስልክ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ተጨማሪ ቦታ ከመግዛትዎ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ያጽዱ፦

1. በጉግል ዋን (የጉግል ቦታ መቆጣጠሪያና ተጨማሪ ቦታ መግዣ) መተግበሪያ የስቶሬጅ ገጹን ይክፈቱ። ፎቶስ፣ ጂሜይልና ድራይቭ እያንዳንዳቸው ስንት እንደያዙ ይነግርዎታል።
2. ዋትሳፕ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ገብተው ቪዲዮ የሚያካትተውን ምርጫ ያጥፉና እንደገና ባክአፕ ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ቪዲዮዎቹ ያሉት ስልኩ ላይ ብቻ ነው፤ የሚፈልጓቸውን አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ።
3. ድራይቭን በኮምፒውተር ይክፈቱና ፋይሎቹን በመጠን ይደርድሩ። ካጠፉ በኋላ ትራሹንም ባዶ ያድርጉት፤ ትራሽ ውስጥ ያለ ፋይል 30 ቀን እስኪሞላው ድረስ ቦታ መያዙን አይተውም።
4. በጂሜይል የፍለጋ ማጣሪያ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ኢሜይሎች አውጥተው የማያስፈልጉትን ይሰርዙ።
5. ፎቶስ በኦሪጅናል ጥራት እየጫነ ከሆነ ወደ «ስቶሬጅ ሴቨር» ይለውጡት። ፎቶ ቢበዛ ወደ 16 ሜጋፒክስል፣ ቪዲዮ ወደ 1080 ፒ ይወርዳል። ቀድሞ የተጫኑትንም የሚያሳንስ ምርጫ በድረ ገጹ ላይ አለ፤ አንዴ ካሳነሰ ግን አይመለስም። ለትልቅ ሕትመት የሚፈለግ ፎቶ ካለ ኦሪጅናሉን አስቀድመው ዲስክ ላይ ይገልብጡ።

ካጸዱ በኋላ ቁጥሩ ወዲያው ባይቀንስ እስከ ማግሥቱ ይጠብቁ። ሞልቶ መተው ግን አያዋጣም፤ ኮታው ሲያልፍ ጂሜይል አዲስ መልእክት መቀበሉን ያቆማል። የሥራ ጥሪም የቪዛ ቀጠሮም ወደ ላኪው ይመለሳል። ኮታው አልፎ ሁለት ዓመት ከቆየ ደግሞ ጉግል ይዘቱን ሊሰርዝ ይችላል።

«ወንድሜ አሜሪካ ሆኖ ከፈለልን፤ ግብዣው ግን እምቢ አለ»

ይህ በውጭ የሚኖር ዘመድ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ የሚያጋጥም ነው። የጉግል ዋን ክፍያን ከ5 ተጨማሪ ሰዎች ጋር መጋራት ይቻላል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ግሩፑ አባላት ከግሩፑ ኃላፊ ጋር በአንድ አገር የሚኖሩ መሆን አለባቸው። ሜሪላንድ ያለ ወንድም አዲስ አበባ ያሉ እናቱን ሲጋብዝ የሚከለክለው ይኸው ነው። እየገቡ እየወጡ መሞከርም አደጋ አለው፤ ከአንድ ግሩፕ ወደ ሌላ መዘዋወር የሚፈቀደው በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ፎልደር ያጋራን፤ እኛ እዚያ እንጫን» የሚለውም በጉግል ድራይቭ አያስኬድም። የፋይሉ ባለቤት የጫነው ሰው ነው፤ ፎልደሩ የወንድም ቢሆንም የሚቆጠረው በእናት 15 ጊጋባይት ላይ ነው።

መፍትሔው ኮታው በባለ ፎልደሩ ላይ የሚቆጠርበትን አገልግሎት መምረጥ ነው። ዋንድራይቭ እንደዚያ ነው። ወንድም ፎልደሩን ማረም ከሚፈቅድ መብት ጋር ካጋራ፣ እናትም እህትም የሚጭኑት ሁሉ ከእሱ ኮታ ይቀነሳል። የማይክሮሶፍት 365 የቤተሰብ ጥቅል እስከ 6 ሰው ድረስ ለእያንዳንዱ 1 ቴራባይት ስለሚሰጥ፣ አንድ ከፋይ ላለው የተበታተነ ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ድሮፕቦክስ በተቃራኒው ነው። የተጋራ ፎልደር በእያንዳንዱ አባል ኮታ ላይ ይቆጠራል፤ 3 ጊጋባይት ፎልደር የተጋበዘ ባለ 2 ጊጋባይት ተጠቃሚ አይችለውም። ለመሰብሰብ ብቻ ከሆነ ግን የድሮፕቦክስ «ፋይል ሪኩዌስት» ጥሩ ነው። ሊንኩ የተላከለት ዘመድ አካውንት እንኳ ሳይኖረው ይጭናል፤ ኮታው የሚቆጠረው በጠያቂው ነው።

«ስልኬ ስለሞላ ፎቶ አጠፋሁ፤ ከክላውዱም ጠፋ»

ሲንክ ባክአፕ አይደለም። ሲንክ ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ እዚህ የጠፋ እዚያም ይጠፋል። አይክላውድ ፎቶስ ሙሉ በሙሉ እንደዚህ ነው፤ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ገብተው ሲያጠፉም ያው ነው።

ከጠፋ ብዙ ካልቆየ ይመለሳል። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን ፎቶ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን፣ አይክላውድ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» ውስጥ 30 ቀን ያቆያሉ። የስልክ ቦታ ለማግኘት ትክክለኛው መንገድ በጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን ከስልኩ ብቻ የሚያጠፋው «ፍሪ አፕ ስፔስ»፣ በአይፎን ደግሞ ኦሪጅናሉን ክላውድ ላይ ትቶ ስልኩ ላይ አነስተኛ ቅጂ የሚያስቀረው «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» ነው። የትኛውንም ቢመርጡ በየሦስት ወሩ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። ዲስኩ በዊንዶውስም በማክም እንዲሠራ በ«ኤክስፋት» ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ግን በባዶ ዲስክ ይጀምሩ።

«ሳምንት ሙሉ እየጫነ ነው፤ አያልቅም»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ ሒሳቡ ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በባይት ነው፤ 8 ቢት 1 ባይት ነው። የመጫኛ ፍጥነትዎ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ 100 ጊጋባይት ለመጫን ያለ ማቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። በ4 ሜጋቢት ደግሞ ከ2 ቀን በላይ። የማውረጃው ፍጥነት ጥሩ ስለሆነ የመጫኛውም እንደዚያው ነው ብለው አያስቡ፤ ለየብቻ ይለኩት።

መጀመሪያ ሰነድ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ መጨረሻ ቪዲዮ ይጫኑ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማና የቤት ካርታ ስካን ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ያንሳል። ጥቅል የሚገዙ ከሆነ የሌሊቱን ይጠቀሙ። አንድሮይድ ላይ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ የባትሪ ቁጠባው መተግበሪያውን ዘግቶት ይሆናል፤ ለፎቶስ ብቻ ቁጠባውን ያንሡለት፤ ስልኩንም ቻርጀር ላይ ይተዉት።

«ሲም ቀየርኩ፤ ኮዱ በድሮው ቁጥር ይመጣል»

ወደ ዱባይ ወይም ቤሩት የሄደ ሰው አካውንቱን የሚያጣው በዚህ ነው፤ ለመግባት የሚጠየቀው የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው አሁን በእጁ ወደሌለው ሲም ነው። መድኃኒቱ ከጉዞ በፊት ነው። ጉግል ስልክ በሌለ ጊዜ ለመግባት የሚያገለግሉ 10 ባክአፕ ኮዶች ይሰጣል፤ ያትሟቸውና ከፓስፖርት ፎቶኮፒ ጋር ቤት ያስቀምጡ። ከዚያ በኤስኤምኤስ ምትክ ኮድ አመንጪ መተግበሪያ ያገናኙ፤ አዲሱ ቁጥር እንደተገኘም ወዲያው ይመዝግቡት።

እንደ ሜጋ ያሉ ፋይሉን በተጠቃሚው ቁልፍ ብቻ የሚቆልፉ አገልግሎቶች ለምስጢር ጥሩ ናቸው፤ ግን ፓስወርዱም የማስመለሻ ቁልፉም ከጠፉ ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው አይችልም። ፓስወርድ ለሚረሱ ወላጆች አንመክረውም።

«ሁሉንም ቴሌግራም ላይ አስቀምጣለሁ»

ለጊዜው ይሠራል። ግን እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ይላኩት። አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን እንደሚሰርዝም ያስታውሱ፤ ጊዜው በፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ይስተካከላል። ብቸኛ መጋዘን ግን አያድርጉት።

«ፋይሉ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስፈልገው አይወጣም»

አንዱ «ሥራ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «ስራ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በፋይል ስም ላይ ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ይስማማ፤ ካልተስማማ በቁጥር ይጀምሩ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ስልኩ ፎቶ የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእጅ የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.» ይጨምሩበት። አለዚያ የ2016 ዓ.ም. ክርስትና ከ2016 እ.ኤ.አ. ፎቶዎች መሃል ይገባና ማንም አያገኘውም።