ሳይደርሱ ደረስን የሚሉ ካርታዎች፦ በጽሑፍ ጨዋታ ካርታ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በጽሑፍ ብቻ የሚኬዱ የኦንላይን ጨዋታዎች አሉ። ስዕል የላቸውም። ስክሪኑ ላይ «የገበያ አደባባይ። መውጫዎች፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «ሰሜን» ብላችሁ ስትጽፉ የቀጣዩን ቦታ መግለጫ ታነባላችሁ፤ እያንዳንዱ ቦታ ክፍል ይባላል። ጨዋታዎቹ ሙድ ይባላሉ። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ ጀመረው፤ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አስፋፋው። ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ያሏቸው ሙዶች ቀን ከሌት ክፍት ናቸው።

ያን ሁሉ ክፍል በቃል መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቾች ራሳቸው የካርታ መሣሪያ ሠሩ። ሙድሌት፣ ሙሽክላየንትና ቲንቲን ፕላስ ፕላስ ካርታ ይሠራሉ። ሙም ለሚባለው ጨዋታ ደግሞ ኤምማፐር አለ። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያሻሽሏቸው ናቸው።

እኔም ካርታ ስሠራና የሌሎችን ስክሪፕት (ካርታውን የሚያዝ አጭር የኮድ ጽሑፍ) ሳቃና ብዙ ምሽት አሳልፌያለሁ። ያየኋቸው ስህተቶች መልካቸው ይለያያል እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ ካርታው ተጫዋቹ ያዘዘውን ይሰማል፣ ጨዋታው የመለሰውን ግን አይሰማም።

ሳይደርሱ ደረስን ማለት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ጀማሪ የሚጽፈው ስክሪፕት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ ተጫዋቹ «ሰሜን» ብሎ ከጻፈ፣ ካርታው ላይ ያለውን ምልክት አንድ ክፍል ወደ ሰሜን አንቀሳቅስ። ቀላል ነው። ለአምስት ደቂቃም ደህና ይሠራል።

ከዚያ አንዱ በር ዝግ ይሆናል። ወይም ጠባቂው «እዚህ ማለፍ አይቻልም» ይላል። ወይም ደክሟችኋል፣ ወይም ውጊያ ላይ ናችሁ። እናንተ እዚያው ቆማችኋል፤ ምልክቱ ግን ሄዷል። ከዚህ በኋላ የምትረግጡት ክፍል ሁሉ በአንድ እርምጃ ተዛንፎ ይመዘገባል። አንድ ምሽት ሙሉ የሠራሁት የከተማ ካርታ እንዲህ ተበላሽቶብኛል። ጉዞው ሲጀመር አንድ የተዘጋ በር ነበር፣ በቃ። የገባኝ ግን ካርታው ላይ ዳቦ ቤቱ ወንዙ መሃል ሲያርፍ ነው።

የኔትወርክ መዘግየት ነገሩን ያብሰዋል። ኮኔክሽኑ ሲንቀረፈፍ ሦስት ጊዜ «ሰሜን» ጽፋችሁ የአንዱም መልስ ገና ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የላካችኋቸውን ትዕዛዞች ወረፋ አስይዟቸው። አዲስ ክፍል ሲመጣ ከወረፋው ፊት ያለውን አንዱን አውጡና ምልክቱን አንቀሳቅሱ። እምቢታ ሲመጣም አንዱን አውጡ፤ ምልክቱን ግን አትንኩት። የጨዋታውን የእምቢታ መልእክቶች አንድ በአንድ ለቅሞ መመዝገብ አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ካርታችሁ የሚታመነው በዚህ ሥራ ልክ ነው።

አንዳንድ ጨዋታዎች ድካሙን ያቀሉታል። ጂኤምሲፒ የሚባል አሠራር አለ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታው ያለበት ኮምፒውተር፣ ከሚነበበው ጽሑፍ ጎን ለጎን፣ ለተጫዋቹ የማይታይ መረጃ ለፕሮግራሙ ይልካል። አኬያ የሚባለው ጨዋታ ክፍል በቀየራችሁ ቁጥር የክፍሉን ቁጥር፣ ስሙን፣ አካባቢውንና መውጫዎቹን በዚህ መንገድ ይሰጣል። መውጫ በሌለበት አቅጣጫ ስትሞክሩም ይህንኑ የሚናገር የተለየ መልእክት ይመጣል። ጨዋታችሁ ይህን የሚሰጥ ከሆነ የሚነበበውን ጽሑፍ እየቆራረጣችሁ ለመገመት አትድከሙ።

ምንም ሳትጽፉ የምትንቀሳቀሱበት ጊዜም አለ። የቡድን መሪ ስትከተሉ። ከውጊያ ስትሸሹ። ወንዝ ሲወስዳችሁ። ሌላ ተጫዋች በአስማት ወደ ራሱ ሲጠራችሁ። ያኔ ትዕዛዝ የለም፣ አዲስ ክፍል ግን መጥቷል። በዚህ ጊዜ ካርታው አዲስ መንገድ አይሳል። የት እንዳለ ብቻ ይፈልግ።

ስሙን አይቶ ቦታውን አወቅኩ ማለት

«ጥቅጥቅ ያለ ጫካ» የሚባል ክፍል አንድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አርባና ሃምሳ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ ክፍልን በስሙ ብቻ የሚለይ ከሆነ ጫካው ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ክፍል ይሆናል፣ መውጫዎቹም ወደ ራሱ ይዞራሉ።

ችግሩ ከሙድም ይቀድማል። ዊል ክራውዘር አሜሪካ ኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ካርታ ካነሱ ዋሻ አሳሾች አንዱ ነበር። የዋሻውን አንድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1976 ገደማ «ኮሎሳል ኬቭ» ወደሚባለው የጽሑፍ ጨዋታ ለወጠው፤ በ1977 ዶን ውድስ አሰፋው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ክፍሎች በአንድ ዓይነት ቃል የሚገለጹበት መጥፊያ ቦታ አለ። ተጫዋቾች ዘዴ አገኙለት፤ በየክፍሉ አንድ ዕቃ እየጣሉ ማለፍ። ቁልፍ የወደቀበት አንድ ክፍል ነው፣ ጠርሙስ የወደቀበት ሌላ። ካርታ በሚሠራ ሰው የተጀመረ ጨዋታ ካርታ ሠሪዎችን እንዲህ መፈተኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በኦንላይን ጨዋታ ግን ይህ ዘዴ አይጸናም። የጣላችሁትን ዕቃ ሌላ ተጫዋች አንስቶት ይሄዳል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ቁጥር የሚልክ ከሆነ በእሱ ያዙት። ካልላከ ስሙን፣ መግለጫውንና መውጫዎቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ እንደ አሻራ ተጠቀሙ። ይህም ቢሆን ጉድለት አለው። መግለጫው ሌሊት ሲሆን ወይም በረዶ ሲጥል ሊቀየር ይችላል። አጭር መግለጫ የሚለውን ምርጫ ከከፈታችሁ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ፍጹም መንታ የሆኑ ክፍሎችም አሉ።

እዚህ ላይ የኤምማፐርን አሠራር እወደዋለሁ። ይህ ፕሮግራም በጨዋታውና በእናንተ መካከል ተቀምጦ የሚያልፈውን ያነባል። ያለበትን ሲያውቅ፣ ሲገምትና ሲጠፋበት በሦስት የተለያየ ሁኔታ ይሠራል። ሲገምት ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶችን ጎን ለጎን ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ክፍሎች የማይገጥሙትን እየጣሉለት ይሄዳሉ። እናንተም ስክሪፕት ስትጽፉ «ጠፍቻለሁ» የሚል ሁኔታ ይኑረው። የጠፋ ካርታ መመዝገቡን ያቆማል። መጥፋቱን የማያውቅ ካርታ ግን ቀድሞ የነበረውን ትክክለኛ ሥራ ጭምር እየደመሰሰ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አርድዎልፍ የሚባለው ጨዋታ ካርታ እንዳይሠራባቸው የሚፈለጉ ክፍሎችን ቁጥራቸውን -1 ብሎ ነው የሚልከው። ይህን ያላወቀ ስክሪፕት እነዚህን ሁሉ «ክፍል -1» ብሎ አንድ ቦታ ያደርጋቸዋል። -1 ሲመጣ አትመዝግቡ።

የሄድኩበት መንገድ ይመልሰኛል ብሎ ማመን

በሰሜን የገባችሁበት ክፍል በደቡብ ላያስወጣችሁ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ መውደቅ አለ፤ መውጣት የለም። ጠመዝማዛ መንገድ በሰሜን አስገብቶ በምዕራብ ይመልሳል። ስለዚህ አንድ መውጫ ስትሻገሩ መመለሻውን አብራችሁ አትሳሉ። ሙድሌት ውስጥ ወዴት እንደሚያደርስ ያልታወቀ መውጫ በጅምር ይቀመጣል። በእግራችሁ ስትመለሱበት ያኔ ይገናኛል።

ካርታው እንዲያምር ዓለሙን ማጣመም

ጨዋታውን የጻፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በተለያየ ዓመት የየድርሻቸውን ነው የጻፉት። በስዕል ወረቀት ለክተው አልሠሩትም። ከአደባባዩ አራት እርምጃ ዞራችሁ ስትመለሱ አደባባዩ ላይ አትደርሱም። ትንሽ ጎጆ ውስጥ ገብታችሁ ሃያ ክፍል ታገኛላችሁ።

ሁለት ክፍሎች አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፉ የጀማሪ ስክሪፕት አንድ ናቸው ብሎ ያዋህዳቸዋል። ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ከተዋሃዱ በኋላ መለያየት ከአዲስ ከመሥራት ይከብዳል። ነጥቡ ለዓይን ነው፤ መንገድ የሚፈለገው በመውጫዎቹ ነው። ስለዚህ ሲደራረቡ መስመሩን አስረዝሙት፣ ወይም ጎጆውን የራሱ አካባቢ አድርጋችሁ ለብቻው አውጡት። መስመሩ ቢረዝም ማንም አይጎዳም።

ሃያ እርምጃ በአንድ ትንፋሽ መላክ

ካርታው ሲያልቅ ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። አንድ ክፍል ላይ ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ ካርታው መንገዱን ፈልጎ ይወስዳችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቅጣጫዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ይልካል። ፈጣን ነው፣ ሲሠራም ያስደስታል።

አምስተኛው እርምጃ ላይ በር ዝግ ነው እንበል። ቀሪዎቹ አስራ አምስት ትዕዛዞች መንገድ ላይ ናቸው፣ አይመለሱም። ከተሳሳተ ክፍል ተነስተው ይፈጸማሉ። የት እንደሚያደርሱ ማንም አያውቅም። ገደል፣ የጠላት ሰፈር፣ የዘንዶ ዋሻ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ተጫዋቾች ሊያጠቋችሁ በሚችሉበት ጨዋታ ይህ ገጸ ባሕሪያችሁን ከነንብረቱ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

አንድ እርምጃ ላኩ። የጠበቃችሁት ክፍል መድረሱን አረጋግጡ። ከዚያ ቀጣዩን። ያልጠበቃችሁት ከመጣ ጉዞው ይቁም። ከአዲሱ ቦታ መንገድ ተፈልጎ መቀጠል ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ መቆም ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉን የሚያቆም ትዕዛዝም ከወዲሁ አዘጋጁ።

አጭሩን መንገድ ጥሩ መንገድ ማድረግ

ፕሮግራሙ እርምጃ ነው የሚቆጥረው። ረግረጉን አቋርጦ ስምንት እርምጃ ከሆነ፣ በጥርጊያው ደግሞ አስራ አንድ፣ ረግረጉን ይመርጣል። አደገኛ ወይም አድካሚ ክፍሎችን ክብደት ጨምሩባቸው። ጨርሶ መግባት የሌለባችሁን ቆልፉ። ሙድሌት የተቆለፈ ክፍልን በመንገድ ፍለጋው ውስጥ አያስገባም። ጠባቂ ያለባቸውንና ክፍያ የሚጠየቅባቸውን በሮች አትርሱ።

የጨዋታውን ሕግ ሳያነቡ መጀመር

በአንዱ ጨዋታ የተፈቀደው በሌላው ያስቀጣል። አንዳንዱ ራሱን የሚያንቀሳቅስ ጉዞ ይፈቅዳል፤ ሌላው ግን ሰው ኪቦርድ ላይ ካልተቀመጠ ይከለክላል። የሚስጥር መንገድ ያለበትን ካርታ ማጋራትም በየቦታው ሕጉ ይለያያል። ሙም ውስጥ ለምሳሌ ስማቸውን ካላወቃችሁ የማይከፈቱ ስውር በሮች አሉ። ኤምማፐር ስማቸውን ይይዛል። ያን ፋይል ለሌላ ስትሰጡ የሰው ልፋት አብራችሁ እየሰጣችሁ መሆኑን አስቡ። ሠሪውን ጠይቁ።

የሌላ ሰው ካርታ በራስ ላይ መደፋት

ያልተቀመጠ ካርታ ጠፍቶ ያላለቀሰ የለም፤ ፋይሉን በየቀኑ በቀኑ ስም ገልብጡት። በተለይ የሌላ ሰው ካርታ ከማስገባታችሁ በፊት። ፕሮግራሙ በራሱ የሰጣቸው ቁጥሮች የእናንተ 412 የወዳጃችሁ 412 እንዳይደለ አይነግሯችሁም። ቁጥሩ ከሰርቨሩ የመጣ ከሆነ ማዋሃድ ይቻላል። ካልሆነ ግን የእሱን ካርታ ለብቻው ክፈቱትና የሚጎድላችሁን አካባቢ በእግራችሁ ሂዱበት።

ካርታን ስዕል ብቻ አድርጎ ማሰብ

ይህን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለሚያንስ አይደለም። እነዚህን ጨዋታዎች ከሚጫወቱት መካከል ብዙ ዓይነ ስውራን አሉ። ጨዋታው ጽሑፍ ስለሆነ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያነብላቸዋል፤ ከማንም እኩል ይጫወታሉ። ካርታው በባለ ቀለም ሳጥኖች ብቻ ሲሠራ ግን ተዘግቶባቸው ይቀራል።

ካርታው ውስጥ ያለው መረጃ ግን ስዕል አይደለም። የክፍል ስም፣ ቁጥርና መውጫ ነው። ስለዚህ በጽሑፍም ይመልስ። «ዳቦ ቤት የት ነው?» ሲባል «ሦስት ሰሜን፣ ሁለት ምሥራቅ» ይበል። «እዚህ ምን ቅርብ አለ?» ሲባል የቅርቦቹን ሱቆች ከነርቀታቸው ይዘርዝር። ቦታን በቀይ ቀለም ብቻ አደገኛ አትበሉት፤ «አደገኛ» የሚል ቃል ጻፉበት።

አዲስ አበባ ላይ ሰው ቤቱን ሲያመለክት የመንገድ ስም አይጠራም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ስትል፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው በር» ይላል። ቦታ በቃል እንዴት እንደሚነገር እናውቅበታለን። ክፍሎቻችሁ ላይ ማስታወሻ ስትጽፉም እንደዚያው አድርጉት፦ «ከፏፏቴው ጀርባ፤ መጀመሪያ ችቦ አብሩ፤ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ መመለሻው በደቡብ ሳይሆን በታች ነው።»