በዲሲ አካባቢ የሰመር መግቢያ ሙቀትና ነጎድጓድ፦ ትንበያውን እንዴት እናንብበው?

አገር ቤት ሰኔ ሲገባ ጃንጥላና ጃኬት ይፈለጋል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ጁን ማለት ወበቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያፍን ይውልና አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዛፍ የሚገነድስ ነፋስ ይነሳል። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ያለችውን ትንሽ ምስል አይተን እንወጣለን። ፀሐይ፣ ደመና፣ መብረቅ፣ 40 ፐርሰንት። ለልጁ ምርቃት ግቢው ውስጥ ድንኳን የተከለ ሰው ከዚህ ምን ይረዳል?

እኔ ጠዋት ጠዋት የማየውን ላሳያችሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ዌዘር ዶት ጎቭን ክፈቱ። የመንግሥት ነው፣ ነፃ ነው። የእኛን አካባቢ የሚተነብየው ቢሮ ስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡና በየሰዓቱ የሚያሳየውን ግራፍ ፈልጉ።

ግራፉ ላይ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሙቀቱ ነው። እናንተ ግን ከሥሩ ያለችውን የዱ ፖይንት መስመር እዩ። ዱ ፖይንት ማለት አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አየሩ ብዙ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው። ከ55 ፋራናይት በታች ከሆነ ቀለል ይላል። 65 ሲያልፍ ይከብዳል። ከ70 በላይ ከሆነ ላብ እንደልብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። የእርጥበት ፐርሰንቱን ብቻ አትመኑ፤ ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ 90 ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሂት ኢንዴክስን ተመልከቱ። 96 ፋራናይት ከ50 ፐርሰንት እርጥበት ጋር ሲሆን ሰውነት ላይ የሚሰማው 108 ነው። ይሄ እንኳን ለጥላ የተሰላ ነው፤ ፀሐይ ላይ እስከ 15 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናትና አባት ያላችሁ፣ ኤሲው ያመኛል ቢሏችሁም እንደዚህ ባለ ቀን እባካችሁ ለምናችሁም ቢሆን አብሩላቸው።

ለነጎድጓድም ነዳጁ ይሄው እርጥበት ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቅና የበለጠ ሽቅብ ይገፋል። ግን የሚቀሰቅሰው ነገር ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቀስቃሹ በስተምዕራብ ያለው የብሉ ሪጅ ተራራ ወይም ከዚያው አቅጣጫ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ምዕራብ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ኖርማን፣ ኦክላሆማ ያለው የስቶርም ፕሪዲክሽን ሴንተር የሚያወጣውን ካርታ እዩ። የነጎድጓዱን አደጋ ከ1 (ዝቅተኛው) እስከ 5 (ከፍተኛው) ደረጃ ይሰጠዋል። 2ኛው ደረጃ «ስላይት» (ቀላል) ስለተባለ ብቻ አትናቁት፤ ቤት የሚጎዳ ነፋስ በዚያም ቀን ይመጣል። ጠዋት ያያችሁትን ከሰዓት ደግሞ እዩት፣ ይቀየራልና።

ይህን ሁሉ የምለው ጁን 29 ቀን 2012ን እያሰብኩ ነው። ዓርብ ነበር። ዲሲ 104 ፋራናይት ደርሶ ነበር። ከመካከለኛው ምዕራብ የተነሳው ማዕበል ተራራውን ተሻግሮ ማታ ላይ ደረሰና በዲሲ አካባቢ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጣ። ሙቀቱ ግን በማግስቱም አልሄደም። ሙቀትና ነጎድጓድን ለየብቻ አድርጋችሁ አትዩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ስልካችሁ ቢጮህስ? «ዋች» ካለ ሁኔታው ተመቻችቷል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው፤ ድንኳኑን እሰሩ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ። «ዋርኒንግ» ካለ ግን መጥቷል ወይም ደጃፍ ላይ ነው፣ ግቡ። የነጎድጓድ ዋርኒንግ የሚወጣው ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል ወይም የሚወርደው የበረዶ ጠጠር ስፋት 1 ኢንች ሲደርስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ራዳሩን ክፈቱ። ሊስበርግ ላይ ያለ ደመና በሰዓት 35 ማይል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ከሆነ ዲሲ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሥጋው ግሪል ላይ ካለ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው፤ ልጆቹ ኳስ ሜዳ ከሆኑ ግን አሁኑኑ ደውሉ።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ መብረቁ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። ዛፍ ሥርም ድንኳን ሥርም አትቁሙ፤ ቤት ወይም ጣራ ያለው መኪና ውስጥ ግቡና መስኮቱን ዝጉ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላው አትውጡ። ማታ ስትተኙም የስልካችሁን የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አታጥፉት፤ ያኔ በ2012ም የመጣው በጨለማ ነው።