ሥራ እያፈላለጉ ነው? ለአለቃዎ መቼ ይነገራል፣ መቼስ አይነገርም

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አዲሱ ቀጣሪ ፈርሞና ማህተም አድርጎበት የሰጠዎ የቅጥር ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ድረስ አይንገሩ። ሕጉም እንዲናገሩ አያስገድድም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከዚያ በፊት ሲቪ እየበተነ ወይም ፈተና እየተፈተነ መሆኑን ለማንም ማሳወቅ አይጠበቅበትም።

ዝም ማለትና መዋሸት ግን ለየቅል ናቸው። ያለመናገር መብትዎ ነው። ለፈተና የሄዱበትን ቀን «ሆስፒታል ነበርኩ» ብለው የሐኪም ወረቀት ይዘው መምጣት ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ሥራ ማፈላለግዎ ሊያስባርርዎ የማይችለውን ያህል የሐሰት ማስረጃ ማቅረብዎ ያስባርርዎታል። ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ይህን ልዩነት አይርሱት።

ቀድሞ መናገር ለምን ይጎዳል? በአዋጁ መሠረት አሠሪ ውል ማቋረጥ የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ ወይም ችሎታ፣ ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ሌላ ሥራ መፈለግ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ችግሩ ሕጉ የማይደርስባቸው ነገሮች ላይ ነው። ሊሄድ ነው የተባለ ሰው ለሥልጠና አይላክም፣ ለዕድገት ሲወዳደር በዝምታ ይታለፋል፣ ትልልቁ ሥራ ለሌላ ይሰጥበታል። ሥራ ፍለጋ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ባይሳካልዎትና እዚያው ቢቀሩ፣ ስምዎ አንዴ «ልቡ የሸፈተ» ተብሏልና እሱን ማጥፋት ከባድ ነው።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ወሬ ቶሎ ይሄዳል። ሰንጋ ተራ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፤ የአንዱ የሰው ሀብት ባለሙያ የሌላው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው፣ ምሳም አብረው ይበላሉ። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ላይ ያለ ካፌ ውስጥ ከአዲሱ ቀጣሪ ጋር ቁጭ ብለው ባልደረባዎ ባይገባ ነው የሚገርመው። ቀጠሮውን አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያድርጉት፤ ሰዓቱን ከቢሮ በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ማድረግም ይቻላል።

መናገር ግድ የሚሆንባቸው አጋጣሚዎች

አንደኛው ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ በዝውውር መሄድ ነው። እዚህ ላይ ያሉበት መሥሪያ ቤት ስምምነት ስለሚጠየቅ ተደብቆ አይሠራም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ እንጂ በአዋጅ 1156 ስላልሆነ፣ ስለ መልቀቂያ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ቁጥሮች ለእነሱ አይጠቀሙባቸው። የሥራ መሪዎችም እንዲሁ ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ እነሱን የሚገዛቸው ውላቸውና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የሥራ መደብዎ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ስም ካለው ውልዎ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አሁኑኑ አውጥተው ያንብቡ።

ሁለተኛው የስም ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ያላሰበው ወጥመድ ይኸው ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለጽሑፍ ፈተና ያለፉትን ሰዎች ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ ጽፈው በር ላይ ይለጥፋሉ፣ ወይም ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ይለቃሉ። ፋይሉ በአንድ ቀን ከመቶ ግሩፕ ላይ ይደርሳል፤ የእርስዎ ቢሮ ግሩፕም አይቀርለትም። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ያ መሥሪያ ቤት ያለፈውን ዙር ውጤት እንዴት እንዳሳወቀ ቻናሉን ወደ ኋላ ገልጠው ይዩ። ስም የሚለጥፍ ከሆነና ቦታውን የምር ከፈለጉት፣ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ለቅርብ አለቃዎ በራስዎ አንደበት ቢነግሩ ይሻላል። «እዚህ ቦታ ላይ ተወዳድሬያለሁ፣ ውጤቱ ገና ነው፣ ሥራዬ ላይ የሚጎድል ነገር አይኖርም» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው አዲሱ ቀጣሪ አሁን ካለው አለቃዎ ጋር ካልተነጋገርኩ ያለ እንደሆነ ነው። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ከሆነ እምቢ ይበሉ፤ በምትኩ የቀድሞ አለቃ ወይም ከድርጅቱ የወጣ ኃላፊ ስልክ ይስጡ። ሲቪዎ ላይም «ያለሁበትን መሥሪያ ቤት ከማነጋገርዎ በፊት እባክዎ ያሳውቁኝ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ደመወዙ ላይ ከተስማሙና የቀረው ይኸው ብቻ ከሆነ ግን አለቃዎ ከማያውቁት ሰው ስልክ ከሚሰሙት ከእርስዎ ይስሙት።

የፕሮጀክት ውልዎ የማብቂያ ቀኑ የታወቀ ከሆነስ? በግልጽ ይናገሩ። ገንዘቡ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል፣ ጥሩ አለቃ ራሱ ሥራ ይጠቁማል።

ከማንም በፊት ወረቀቱ

ሰውን የሚያጋልጠው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጥያቄ ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ማግሥት ከጠየቁ ግን የሰው ሀብት ክፍሉ ወዲያው ያያይዘዋል። ስለዚህ ማንም በማይጠረጥርበት ጊዜ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ የሥራ መደብ በተቀየረ ወይም ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር። በየዓመቱ የሚጠይቅ ሰው ዘንድሮ ሲጠይቅ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ወረቀቱ ሲመጣ እዚያው ቆመው ያንብቡት። ስምዎ እንደ ዲግሪዎ ተጽፏል? የጀመሩበት ቀን፣ ወርና ዓመት አለ ወይስ ዓመቱ ብቻ? በየጊዜው የያዟቸው መደቦች ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል? ከግል ድርጅት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉን ይገልጻል? ይህች የመጨረሻዋ ከሌለች ብዙ የመንግሥት ተቋማትና ባንኮች ልምዱን አይቆጥሩትም፤ በኋላ ተመልሶ ማጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሲቪዎን በቢሮ ኮምፒውተር አይጻፉ፣ ከቢሮ ኢሜይል አይላኩ። በተለይ የቢሮውን ፕሪንተር አይንኩት። ወረቀት ጨርሶ ይቆማል፣ እርስዎ ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዱ ወረቀት ሲሞላ ሲቪዎ ከነፎቶው ከደብዳቤው መሀል ይወጣል። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ሥራ እንደሚፈልጉ የሚያሳየውን አረንጓዴ ቀለበት አያብሩ፤ ለቀጣሪዎች ብቻ የሚታየውን አማራጭ ቢመርጡም ከራስዎ ድርጅት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ይሰውረኛል ብለው አይተማመኑ።

ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ የዓመት ፈቃድዎን ይጠቀሙ። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ለዚህ ማስቀመጥ ይቻላል። ምክንያቱን «የግል ጉዳይ» ብለው ይለፉት። ሳያስፈቅዱ መቅረትና ማርፈድ ግን ይጠራቀማል፦ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

አለቃዎ ሰምተው ከጠየቁዎት

አይካዱ፣ ዝርዝርም ውስጥ አይግቡ። «አጋጣሚዎችን አያለሁ፤ የወሰንኩት ነገር የለም። ስወስን መጀመሪያ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት» ይበሉና ቃልዎን ይጠብቁ። ድርጅቱን ስም አይጥሩ። «ደመወዝ ካልጨመራችሁልኝ» የሚል ማስፈራሪያም አይጨምሩበት፤ የደመወዝ ጥያቄ ካለዎት በሌላ ቀን፣ በሠሩት ሥራ አስደግፈው ለብቻው ያቅርቡት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንመክራለን። «እንግዲያው መልቀቂያህን ጻፍ» ከተባሉ አይጻፉ። በገዛ ፈቃድ ለቅቄያለሁ የሚል ፊርማ ካለ አሠሪው ማስጠንቀቂያ የመስጠትም ሆነ ካሳ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ አምስት ዓመት ካልሞላዎ የስንብት ክፍያዎም አብሮ ይሄዳል። አሠሪው ማሰናበት ከፈለገ በራሱ ደብዳቤ፣ ምክንያቱን ጽፎ ያሰናብት። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከተሰናበቱና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ ክሱ መቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው።

«ተቀጥረዋል» ከተባሉ በኋላ

በስልክ የተነገረ ቅጥር ቅጥር አይደለም። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ያልተጣራ ደመወዙን፣ አበሎቹን፣ የሚጀምሩበትን ቀንና የሙከራ ጊዜውን መያዝ አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ለሥራው አልተስማማም ከተባሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታሉ። ቋሚ ሥራ ለቅቀው የሚሄዱ ነባር ባለሙያ ከሆኑ የሙከራ ጊዜው እንዲያጥር ወይም እንዲቀር መጠየቅ የሚችሉት አሁን፣ ከመፈረምዎ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ቀንም ቢያንስ ከ35 ቀን በኋላ ያስደርጉት፤ 30ው ለማስጠንቀቂያ፣ የቀረው ለክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረትና ከዕዳ ነፃ መሆንዎን በየክፍሉ ለማስፈረም።

ከመልቀቅዎ በፊት ዕዳዎን ይቁጠሩ። መሥሪያ ቤቱ አስተምሮዎት የአገልግሎት ግዴታ ፈርመው ከሆነ ቀሪው ስንት ነው? የባንክ ሠራተኛ ከሆኑና በሠራተኛ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር ካለብዎ፣ ሲለቁ ወለዱ ወደ መደበኛው ከፍ እንደሚል ውሉ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። ብዙ ሰው አዲሱን ደመወዝ ብቻ አይቶ የሚወስነው እዚህ ላይ ነው፤ የወለዱ ልዩነት ጭማሪውን ሊበላው ይችላል። የቁጠባና ብድር ማኅበሩንም፣ የቢሮ ዕቁቡንም አይርሱ። ዕቁብ በልተው ከሆነ ቀሪውን ዕጣ ማን እንደሚሰበስብልዎ ከዳኛው ጋር ይነጋገሩ።

አነጋገሩና ደብዳቤው

መጀመሪያ የሚሰማው የቅርብ አለቃዎ ነው፣ በአካል፣ በር ተዘግቶ። አርብ ማታ ሰው ሊወጣ ሲል ሳይሆን ጠዋት ይሁን። አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ እንደሚለቁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ሥራ ለማን እንደሚያስረክቡ። ቅሬታ ካለዎት ለዚህ ቀን አያቆዩት። በዚያው ቀን ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት
ከላይ በተገለጸው መደብ ከ… ጀምሮ ሳገለግል ቆይቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዛሬ ጥቅምት 5 ቀን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ከኅዳር 6 ቀን ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ሥራ የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት አስረክቤ የሥራ ልምድ ማስረጃና የሚገባኝ ክፍያ እንዲዘጋጅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ምክንያትዎንም ሆነ የሚሄዱበትን መሥሪያ ቤት አይጻፉ። በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ፤ ይህች ቅጂ ከሌለች ነገ «ማስጠንቀቂያ አልሰጠም» ቢሉ ማስረጃ የለዎትም። አንቀበልም ካሉ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን ይጠንቀቁ፣ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ነሐሴ 20 የተሰጠ ማስጠንቀቂያ የሚሞላው መስከረም 15 ነው። ሠላሳውን ቀን ሳይጨርሱ ከሄዱ እስከ 30 ቀን ደመወዝዎ ድረስ ካሳ ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። አለቃዎ ቀደም ብለው ሊለቁዎት ከፈቀዱ ያንን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በማስጠንቀቂያው ሳምንታት ውስጥ ደመወዝ እንጨምርልህ ሊባሉ ይችላሉ። እንዲቀሩ የሚያደርግዎ ከሆነ ጭማሪው በደብዳቤ ይምጣ፤ ሄደው ሄደው በቃል ተስፋ የቀረ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ክሊራንስ ሲዞሩ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ አይቲ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቁጠባ ማኅበር እያሉ ነው፤ አንዱ ፈራሚ ለመስክ ከወጣ ሳምንት ይበላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። ያስረከቡትን ላፕቶፕ መለያ ቁጥሩን ጽፈው የተረካቢውን ፊርማ ይያዙ። ሲቀጠሩ ዋስ አቅርበው ከነበረ ዋስትናው እንዲነሳ በጽሑፍ ይጠይቁና ለዋስዎ ያሳዩት። በተቃራኒው እርስዎ በዚህ ደመወዝ ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ከሆነ ለሰውዬው ቀድመው ይንገሩት፤ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ዋስ ሊጠይቀው ይችላል።

ቀሪ ደመወዝና ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉና የሥልጠና ግዴታ የሌለብዎ ከሆኑ በገዛ ፈቃድዎ ቢለቁም የስንብት ክፍያ ይገባዎታል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ያህል፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በወር 24,000 ብር እየተከፈለው 6 ዓመት የሠራ ሰው በግምት 24,000 እና አምስት ጊዜ 8,000፣ በድምሩ 64,000 ብር ነው። ብዙ ሠራተኛ «ራሴ ስለለቀቅሁ አይገባኝም» ብሎ ይተወዋል። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ለአዲሱ ቀጣሪ ይስጡ፤ ሁለተኛ ቁጥር እንዳይወጣልዎትና አገልግሎትዎ እንዳይቆራረጥ።