ሚዲያው ያዳላል ብለህ ክርክር ከመተውህ በፊት

የምርጫ ክርክር ተጠርተሃል፣ አዘጋጁ ጣቢያ ደግሞ አይወድህም እንበል። ቶሎ ብለህ «አልሄድም» አትበል። መጀመሪያ ማስረጃ ያዝ፤ ያለፉትን ክርክሮች ቁጭ ብለህ እይ፣ ማን ስንት ደቂቃ አገኘ፣ ማንንስ አቋረጡ? ከባድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻውን ማዳላት አይደለም (ይህን ለፖለቲከኛ ማስረዳት ግን አበሳ ነው)።

ከዚያ ተደራደር። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የሰዓት ክፍፍል፣ የአወያይ ምርጫ፣ ተመልካች ይግባ አይግባ፣ ማይክ መቼ ይዘጋ፣ ሳይቆራረጥ በቀጥታ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ፤ ሁሉንም በጽሑፍ ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2024 ባይደንና ትራምፕ በሲኤንኤን የተከራከሩት አዳራሹ ውስጥ ተመልካች ሳይኖር፣ ተራው ያልደረሰው ሰው ማይክ እየተዘጋ ነበር፤ ይህን ሁሉ አስቀድመው ተስማምተውበታል።

እምቢ ካሉህ ቅር፣ ግን ዋጋውን አስላ። እ.ኤ.አ. በ2016 ትራምፕ ከፎክስ ኒውስ ጣቢያ ጋር ተጣልቶ በአይዋ ግዛት ከተደረገው የፓርቲው እጩዎች ክርክር ቀረ፤ አይዋ ላይ በፓርቲው ተፎካካሪ በቴድ ክሩዝ ተሸነፈ፣ የፓርቲውን እጩነት ግን ወሰደ። ስለዚህ መቅረት አይገድልም፣ ታዋቂ ከሆንክ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የማያውቅህ ከሆንክ ግን የቴሌቪዥን ሰዓት መጣል ቅንጦት ነው።

ከቀረህ ምክንያቱን በዚያው ቀን ባጭሩ ተናገር፣ የምትቀበለውንም ሌላ መድረክ በስም ጥቀስ። አለዚያ «ፈርቶ ነው» ይሉሃል።