የድሮ ትራያምፍ ሞተር ሲታደስ በክፍተት ልኬት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው ትራያምፍ ቦነቪል ቲ120 ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 650 ሲሲ ሞተር አለው። ሲሊንደሩ ብረት፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነው። በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መሃል ያለው ክፍተት ሳይለካ ከተገጠመ ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ጉዞ ሊነክስ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል።

«አዲስ ዕቃ ነው፣ ምን ይለካል?» ማለት። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ካርቶኑ ላይ 71 ሚ.ሜ. ተጽፏል ማለት ፒስተኑ ሬክቲፊካ ለተደረገው (ውስጡ በማሽን ተፍቆ ለሰፋው) ሲሊንደርዎ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለኩ። ፒስተኑ የሌላ አምራች ከሆነ ደግሞ የሚሠራው የዚያ አምራች ቁጥር እንጂ የድሮው ማኑዋል አይደለም። ፎርጅድ (በግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል።

ፒስተንን በአናቱ መለካት። ፒስተን ድፍን ክብ አይደለም። አናቱ ጠበብ ይላል፣ ወገቡም በመጠኑ ሞላላ ነው። ማይክሮሜትሩ የሚያርፈው ከታች በኩል፣ ከፒኑ (ፒስተኑን ከሚይዘው አጭር ዘንግ) በ90 ዲግሪ ዞሮ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ፒስተንም አይለካ፤ 10 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ በ0.016 ሚ.ሜ. ገደማ ይሰፋል።

ኢንችን እንደ ሚሊሜትር ማንበብ። ማኑዋሉ እንግሊዛዊ ነው፤ 0.010 ሲል 0.25 ሚ.ሜ. ማለቱ ነው።

የሪንግን (ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት) ጫፍ ሳይለኩ ማስገባት። ሪንጉን በፒስተኑ ገፍተው ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ ያድርጉትና በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለውን ይለኩ። ለዚህ ሞተር ከ0.25 እስከ 0.35 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ከጠበበ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፤ ሲሊንደሩንም ይቧጭራል። ትንሽ መስፋቱ ይሻላል።

ፕላስቲጌጅ ውስጥ እያለ ክራንክሻፍቱን (የፒስተኑን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ) ማዞር። የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን፣ ማለትም የመሽከርከሪያው ልባስ፣ ክፍተት የሚለካበት ያ ስስ የፕላስቲክ ክር ከዞረ ተድጧልና ንባቡ ዋጋ የለውም። ክራንክሻፍቱ እጅዎ ላይ እያለ ውስጡ ያለውን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቱቦም አውጥተው ያጽዱ። እዚያ የተረሳ ቆሻሻ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል፤ አዲሱን ብሮንዚን የሚበላውም እሱ ነው።

ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም ብሎ መገመት። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከተቀየረ ወይም ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ከተላገ መገመት አይቻልም። ፒስተኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ያድርጉ፣ ዘይት ይቀቡት። ቴስታታውን ከነጋርኒሲዮኑ (በመሃል ከሚገባው ማሸጊያ ጋር) ይግጠሙ፣ የቫልቭ ክፍተቱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ቀስ ብለው ሁለት ዙር ያዙሩ። እንቢ ካለ አያስገድዱት። ከፍተው ጭቃውን በምላጭ ይቁረጡ። በጣም የሳሳው ቦታ በመግቢያው ቫልቭ በኩል ከ1.5፣ በመውጫው ከ2 ሚ.ሜ. ካነሰ አይገጠምም።

ቫልቭን አንዴ አስተካክሎ መርሳት። ለቲ120 ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የመግቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.05፣ የመውጫው 0.10 ሚ.ሜ. ነው። አዲስ ጋርኒሲዮን ሲጨመቅ ቴስታታው ዝቅ ይላል፣ ይህችው ጠባብ ክፍተትም ትጠፋለች። ሞተሩ መጀመሪያ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታውን ቡሎኖች እንደገና በልኩ አጥብቀው ቫልቮቹን ዳግም ይለኩ።