ሎጉ ሲዋሽ፦ በሲ ለተጻፈ የኔትወርክ ክላየንት ችግርና መፍትሄ

ክላየንቱ (ከሰርቨር አገልግሎት የሚጠይቀው ፕሮግራም) ከሰርቨር ጋር አልገናኝ ሲል መጀመሪያ የምንከፍተው ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ ነው። ሎጉ የተሳሳተ ነገር ከጻፈ ግን ቀኑን ሙሉ ኔትወርኩን ስንበረብር እንውላለን። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ደግሞ ሎግ በትንሽ ነገር ይሳሳታል። ስለዚህ ፋየርዎሉን ከመነካካታችሁ በፊት መልእክቱን የሚጽፈውን ኮድ ፈትሹ። ከታች የምጠቅሳቸው የስህተት ቁጥሮች በተለመደው ሊኑክስ ላይ ያሉት ናቸው።

«መገናኘት አልተቻለም፦ ሰክሰስ»

ምልክቱ ግራ ያጋባል። አልተቻለም ይላል፤ ምክንያቱ ላይ ሲደርስ ግን ተሳክቷል ብሎ ይጽፋል።

ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። በሲ ስታንዳርድ መሠረት የትኛውም የላይብረሪ ፈንክሽን «ኤርኖ»ን፣ ማለትም የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበትን ቫሪያብል፣ ወደ 0 አይመልሰውም። እናንተ ራሳችሁ 0 ካላደረጋችሁት በቀር፣ 0 ሆኖ ከተገኘ ከመጀመሪያው ማንም አልነካውም ማለት ነው። የወደቀው ፈንክሽን ስህተቱን የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

ተጠርጣሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው «ጌትአድርኢንፎ» ነው። እሱ የራሱን የስህተት ቁጥር ይመልሳል። ያን ቁጥር ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው «ጋይ-ስትርኤረር» እንጂ የ«ኤርኖ»ን ቁጥር ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው «ስትርኤረር» አይደለም። «ኤርኖ»ን የምታዩት የመለሰው ቁጥር «ኢኤአይ-ሲስተም» ከሆነ ብቻ ነው። ሌላው ከሰርቨሩ የመጣውን የሚቀበለው «ሪሲቭ» ነው። 0 ከመለሰ ሰርቨሩ ግንኙነቱን በወጉ ዘግቷል ማለት ነው፤ ስህተት የለም፣ «ኤርኖ»ም አይነካም። ስለዚህ 0 ሲመልስና -1 ሲመልስ የሚጻፈው መልእክት የተለያየ ይሁን። ለ0 «ሰርቨሩ ዘጋ» ማለት ይበቃል።

ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ስህተት ሲጻፍ

ሰርቨሩ ጠፍቷል፤ ሎጉ ግን ቁጥር 25ን ይጽፋል፣ «ኢንአፕሮፕሪየት አዮክትል ፎር ዲቫይስ»። ግንኙነቱን የሚከፍተው «ኮኔክት» እንዲህ ያለ ስህተት አይሰጥም። ይህ ቁጥር የሚመጣው አንድ ፈንክሽን «ይህ ፋይል ተርሚናል ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱ «አይደለም» ሲሆን ነው። አንዳንድ የሲ ላይብረሪዎች ሎግ ፋይሉ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍ ይህን ይጠይቃሉ። በዚያች ቅጽበት እውነተኛው ስህተት ይደመሰሳል።

ቁጥሩ 25 ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። «ኮኔክት» ከወደቀ በኋላና መልእክቱ ከመጻፉ በፊት ሌላ ነገር ተጠርቷል። ሶኬት (ፕሮግራሙ የሚገናኝበትን ጫፍ) መዝጋት ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪ መውሰድ ሊሆን ይችላል፣ ፋይል መክፈት ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው። ከወደቀው ጥሪ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ መስመር «ኤርኖ»ን በራሳችሁ ቫሪያብል ይያዝ። ከዚያ ሶኬቱን ዝጉ፣ ከዚያ የያዛችሁትን ቁጥር ለሎጉ ስጡት። የሎግ ፈንክሽኑም ሲገባ «ኤርኖ»ን ይያዝ፣ ሲወጣ ይመልሰው። ይህ ካልተደረገ ቀጥሎ ያለው ኮድ «በሲግናል ተቋርጦ ነው ወይ? ከሆነ ልድገመው» ብሎ ሲያይ የሚያገኘው የሎጉን ትርፍ ነው። ሎግ ሲበራ ብቻ የሚበላሽ ክላየንት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ቀዳዳ አለ። በአንድ የሎግ ጥሪ ውስጥ ሰዓት የሚያመጣ ፈንክሽንና «ስትርኤረር» አብረው ሲገቡ የቱ ቀድሞ እንደሚሠራ ሲ ዋስትና አይሰጥም። በአንዱ ኮምፓይለር በትክክል የሠራው በሌላው ሊሳሳት ይችላል። ቁጥሩን ቀድማችሁ ከያዛችሁ ይህም አብሮ ይጠፋል።

ስክሪን ላይ አለ፣ ፋይሉ ላይ የለም

ከተርሚናል ስታስነሱት መልእክቱ እየተከታተለ ይወጣል። ወደ ፋይል ስታዞሩት ፋይሉ ባዶ ነው። ክላየንቱ ተንጠልጥሎ ሲቀር በ«ኪል -9» ትገድሉታላችሁ፤ ፋይሉ አሁንም ባዶ ነው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ደግሞ በጣም የምትፈልጓቸው ናቸው።

ጽሑፍ የሚያወጣው «ፕሪንትኤፍ» ወደ ተርሚናል ሲጽፍ መስመር ባለቀ ቁጥር ያወጣል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ፓይፕ ሲሆን ግን ባፈሩ (ጊዜያዊ ማጠራቀሚያው) እስኪሞላ ያጠራቅማል። የሊኑክስ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው «ሲስተምዲ» ስር የሚሠራ ፕሮግራምም ውጤቱ ወደ ተርሚናል ስለማይሄድ እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ተገድሎ ሲሞት ባፈሩ ውስጥ የነበረው አብሮት ይሞታል።

የግንኙነት መልእክት በ«ስታንዳርድ ኤረር» ይውጣ፤ እሱ አያጠራቅምም። ወይም በ«ሜይን» መጀመሪያ ላይ፣ አንድም ነገር ሳይጻፍ፣ በ«ሴትቪባፍ» መስመር በመስመር እንዲያወጣ እዘዙት። በየቦታው ባፈሩን የሚያስወጣውን «ኤፍፍላሽ» መበተኑን እኔ አልመክርም፤ አንድ ቦታ ይረሳል፣ የተረሳው ቦታ ደግሞ የሚፈለገው ይሆናል። አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካገኛችሁ ፕሮሰሱን ከሚያባዛው «ፎርክ» በፊት ባፈሩ አልወጣም ነበር፤ ልጁ ፕሮሰስ ቅጂውን ይዞ ሄዷል።

ግንኙነቱ ይሠራል፣ ሎጉ ግን ስህተት 115 ይላል

ሶኬቱ የማይጠብቅ፣ ማለትም ነንብሎኪንግ፣ ከሆነ «ኮኔክት» -1 መልሶ «ገና እየሞከርኩ ነው» ይላል። 115 ያ ነው። እንደ ውድቀት አትጻፉት። በ«ፖል» ሶኬቱ ለመጻፍ ዝግጁ እስኪሆን ጠብቁ። ዝግጁ መሆኑ ግን ተገናኝቷል ማለት አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው በ«ጌትሶክኦፕት» «ኤስኦ-ኤረር»ን ስትጠይቁ ነው፤ ሎግ የሚደረገውም ያ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን መለየት ብዙ ድካም ያድናል። 111 ማለት ከወዲያ በኩል መልስ መጥቷል፣ ግን በዚያ ፖርት ማንም አያዳምጥም ወይም ፋየርዎል አልቀበልም ብሏል። 110 ማለት ጭራሽ መልስ የለም፤ በሊኑክስ የተለመደ አቀማመጥ ይህ እስኪታወቅ 127 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ምን ያህል እንደቆየም ጻፉ። መስመሩ ይህን ቢመስል ደስ ይለኛል፦

06:20:14 ግንኙነት 7፣ ሙከራ 2 ከ3፣ 203.0.113.5 ፖርት 443፣ ስህተት 111፣ 38 ሚሊሰከንድ

«ሙከራ 2 ከ3» ያልኩት «ጌትአድርኢንፎ» ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አድራሻ ስለሚሰጥ ነው። የአይፒቪ6ቱ ወድቆ የአይፒቪ4ቱ ሊሠራ ይችላል። የመጨረሻውን ብቻ የሚጽፍ ሎግ ይህን ይደብቃል። «ግንኙነት 7» ደግሞ በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) ለሚሠራ ክላየንት ነው። መስመሩን በሦስት «ፕሪንትኤፍ» ከጻፋችሁት የሌላው ትሬድ ጽሑፍ መሃሉ ይገባል። በ«ኤስኤንፕሪንትኤፍ» ሙሉውን አዘጋጅታችሁ በአንድ ጊዜ አውጡት።

ምንም ሳይጽፍ ይሞታል

የመውጫ ኮዱን እዩ። ሼሉ 141 ካለ ሲግናል 13፣ «ሲግፓይፕ» ነው፤ 128 ሲደመር 13። ሰርቨሩ በዘጋው ሶኬት ላይ ጽፋችኋል። ለ«ሴንድ» «ኤምኤስጂ-ኖሲግናል»ን ስጡት። ያኔ -1 ይመልሳል፣ ስህተቱም 32 ሆኖ ይጻፋል።

ፖርት 47873

ሎጉ ይህን ከጻፈ እውነተኛው ፖርት 443 ነው፤ ባይቶቹ ተገልብጠው ነው። ባይቶቹን ወደ ማሽኑ ቅደም ተከተል የሚመልሰው «ኤንቶኤችኤስ» ተረስቷል። የራሳችሁና የሰርቨሩ አድራሻ አንድ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ አድራሻን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን «አይኔት-ኤንቶኤ»ን በአንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጠርታችኋል። ሁለቱም ጊዜ የሚመልሰው ያንኑ አንድ ባፈር ነው። በ«ጌትኔምኢንፎ» ተኩት፤ ለአይፒቪ6ም ይሠራል።

ተጠቃሚው ያለው ሰዓትና የሎጉ ሰዓት ሲለያዩ

አዲስ አበባ ያለ ሰው «ጠዋት 3 ሰዓት ከ20 ላይ ተቋረጠ» ይላል። ሎጉን በ03:20 ብትፈልጉት የለም፤ በ09:20ም የለም። ሎጉ በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ ያለው በ06:20 ነው። በዩቲሲ መጻፉን አትተዉ፤ ከሰርቨሩ ሎግ ጋር ለማመሳከር ይጠቅማል። በሎጉ መጀመሪያ ላይ ግን ዩቲሲ መሆኑን ጻፉ። የቆይታ ጊዜን ለመለካት ደግሞ ወደ ኋላ የማይመለሰውን «ክሎክ-ሞኖቶኒክ» ተጠቀሙ። የማሽኑ ሰዓት መሃል ላይ ሲስተካከል 38 ሚሊሰከንዱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል።